ሠራተኛ ማምጣትና ሠራተኛ ማቆየት፦ የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት የቪዛ ስምምነት

የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት በቆዳ ስፋቱ ኢትዮጵያን ይበልጣል፤ 1.35 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዋሪው ግን ሩብ ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ያንሳል። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዋና ከተማዋ በዳርዊንና በአካባቢዋ ተሰብስቦ ይኖራል። የቀረው በካትሪን፣ በቴናንት ክሪክ፣ በአሊስ ስፕሪንግስና በበረሃው ውስጥ በተበተኑ መንደሮች ነው። ከዳርዊን ተነሥቶ አሊስ ስፕሪንግስ ለመድረስ 1,500 ኪሎ ሜትር መንዳት ግድ ይላል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ በሰሜኑ ክፍል ወበቁና ዝናቡ አያስቀምጥም። እንዲህ ባለ አገር ወጥ ሰሪ፣ መካኒክ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሕፃናትና የአረጋውያን ተንከባካቢ ማግኘት ከሲድኒ ወይም ከሜልቦርን እጅግ ይከብዳል። የተገኘውም ጥቂት ሠርቶ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ይህ ግዛት ከ2015 ጀምሮ ከፌደራሉ መንግሥት ጋር የገባው ልዩ የቪዛ ስምምነት ነው። ዓመታቱም፣ ወራቱም፣ ቀናቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስምምነቱ በምኅጻረ ቃል «ዳማ» ይባላል፤ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ አካባቢ ብቻ የሚሠራ የውጭ ሠራተኞች ስምምነት ነው። በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ይኸው የሰሜኑ ሲሆን ዛሬ ከአሥር በላይ አካባቢዎች ተመሳሳይ ስምምነት አላቸው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ስምምነቶች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ለአሠሪው ስንት መስፈርት እንደቀለለለት ነው። ሦስቱን ተከታታይ ስምምነቶች ጎን ለጎን አድርጎ ላያቸው ግን ክብደት ያለው ለውጥ የመጣው ለሠራተኛው የሚሆን አንቀጽ በገባ ጊዜ ነው። ይህን ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ አሠሪና ሠራተኛ በቪዛ በሚተሳሰሩበት በማንኛውም አገር ላሉ ወገኖቻችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጋዙ ሲመጣ፣ ጋዙ ሲያልቅ

ኢንፔክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኢክቲስ የተሰኘውን ግዙፍ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት ለመገንባት በጥር 2012 ወሰነ። ጋዙ ከባሕር ወለል ወጥቶ ከ880 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ዳርዊን አጠገብ ወዳለው ማቀነባበሪያ ይመጣል። ለግንባታው ሠራተኞች ማደሪያ ብቻ በሃዋርድ ስፕሪንግስ 3,500 ሰው የሚይዝ መንደር ተሠራ። በሺዎች የሚቆጠሩ ብየዳ ሠራተኞች፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞችና ሹፌሮች ገቡ። ደመወዙም በከተማው ካለው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው መካኒክ ሥራውን ትቶ ወደ ጋዙ ሄደ። የሆቴሉ ወጥ ሰሪ የካምፑ ወጥ ሰሪ ሆነ። የቤት ኪራይ ናረ፤ በዚህም የተነሣ በአነስተኛ ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ከተማውን ለቀቀ። ከተማው በገንዘብ ሲጥለቀለቅ ተራው ንግድ ሠራተኛ አጣ። የመጀመሪያው ዳማ በ2015 የተፈረመው በዚህ ጊዜ ነው።

በ2018 ግንባታው አብቅቶ ጋዙ መፍሰስ ጀመረ። ሠራተኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። «እንግዲህ አሁን ሠራተኛ ይተርፋል» ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሄደው ብየዳ ሠራተኛ ብቻውን አልሄደም፤ ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ ወይም ነርስ ከነበረች እርሷም አብራ ሄደች። ከሌሎች ግዛቶች ወደ ሰሜን ከሚመጣው ሰው ይልቅ ከሰሜን የሚወጣው በለጠ፤ የግዛቱም ሕዝብ መቀነስ ጀመረ። የግዛቱ መንግሥት በዚያው ዓመት ሕዝብ የመሳቢያና የማቆያ ስትራቴጂ አወጣ። በብልጽግናው ጊዜ የታየው እጥረት በመቀዛቀዙም ጊዜ መቀጠሉ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ችግሩ የወቅት ሥራ ማነስና መብዛት ብቻ አልነበረም፤ ሰው እዚያ ሥር ሰድዶ አለመኖሩ ነበር።

መደበኛው መንገድ ለምን አልበቃም?

የአውስትራሊያ አሠሪ ከውጭ ሠራተኛ ሲያመጣ የሚጠቀምበት የታወቀው ቪዛ ለረጅም ጊዜ 457 የሚባለው ነበር። የፌደራሉ መንግሥት በሚያዝያ 2017 ይህን ቪዛ እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ ከ651 ሙያዎች ውስጥም 216ቱን ከዝርዝሩ ሰረዘ። በመጋቢት 2018 በቦታው የመጣው 482 ሙያዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። በአጭር ጊዜ ዝርዝር ውስጥ የወደቀ ሰው በተለምዶ ያገኝ የነበረው ሁለት ዓመት ሲሆን አንድ ጊዜ አሳድሶ ይሄድ ነበር፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም ነበር።

ወጥ ሰሪ በዚህ አጭር ዝርዝር ውስጥ ነበር። የሕፃናት ተንከባካቢ፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ረዳት፣ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ ጭራሽ በዝርዝሩ አልተገኙም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ስለ አገሪቱ አጠቃላይ የሥራ ገበያ አስበው ነው፤ ለሲድኒ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ቴናንት ክሪክ ላይ ግን አንድ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ አጥቶ ሲዘጋ እናቶች ሥራ ያቆማሉ፤ ከእነርሱ መካከል የክሊኒኩ ነርስ ልትኖርበት ትችላለች። በትንሽ ከተማ የአንድ ሰው መጉደል ወደ ሦስትና አራት ቤት ይዘልቃል።

ቋሚ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሁለት ከባድ ደጆች አሉ። ዕድሜው ከ45 በታች መሆን አለበት፤ በእንግሊዝኛ ፈተና ደግሞ፣ ለምሳሌ በአይኤልትስ፣ በአራቱም ክፍሎች 6 ማምጣት ይጠበቅበታል። የ47 ዓመት ጎበዝ መካኒክ፣ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም እንከን የማይወጣለት፣ በዕድሜውም፣ በጽሑፍ ፈተናው 5.5 በማምጣቱም ይቀራል።

ስምምነቱ ከቅርብ ሲታይ

ዳማ ሁለት ደረጃ አለው። በላይኛው ደረጃ የፌደራሉ የአገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ከአካባቢው ወኪል ጋር ዋናውን ስምምነት ይፈራረማል። በሰሜናዊ ግዛት ወኪሉ ራሱ የግዛቱ መንግሥት ነው፤ በሌሎች አካባቢዎች የከተማ ምክር ቤት ወይም የንግድ ምክር ቤት ወኪል ይሆናል። ዋናው ስምምነት የትኞቹ ሙያዎች እንደተፈቀዱና የትኞቹ መስፈርቶች እስከ ምን ድረስ እንደሚላሉ ይወስናል። በታችኛው ደረጃ እያንዳንዱ አሠሪ በዚህ ጥላ ሥር የራሱን የሠራተኛ ስምምነት ከፌደራሉ መንግሥት ጋር ይገባል።

በአሊስ ስፕሪንግስ ሆቴል ያላት አንዲት ሴት ወጥ ሰሪ ፈለገች እንበል። በመጀመሪያ ድርጅቷ በግዛቱ ውስጥ ቢያንስ ለ12 ወራት በሕጋዊ መንገድ ሲሠራ የቆየ መሆን አለበት። ቀጥሎ ሥራውን በአገር ውስጥ ማስታወቅ አለባት። ይህ የይስሙላ እንዳይሆን መደበኛው የቪዛ ሕግ ዝርዝር ሕግጋት አሉት፤ ማስታወቂያው ለአራት ሳምንታት መቆየት አለበት፣ የሥራውን መጠሪያና የሚፈለገውን ችሎታ መግለጽ አለበት፣ ደመወዙም በዓመት ከ96,400 የአውስትራሊያ ዶላር በታች ከሆነ መጠኑ መጻፍ አለበት። በግል ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለጥፎ «ማንም አልመጣም» ማለት አይቻልም። ማን እንዳመለከተና ለምን እንዳልተቀጠረ ማስረዳት ይጠበቅባታል።

ከዚያ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ታመለክታለች። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የንግዷን ሁኔታ፣ የደመወዙን መጠን፣ የሠራተኞቿን ብዛት አይተው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጧታል ወይም ይከለክሏታል። ደብዳቤውን ይዛ ወደ ፌደራሉ መንግሥት ትሄዳለች፤ የሠራተኛ ስምምነቷን ትፈርማለች፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን በስሙ ታጫለች፣ ማለትም ለቪዛው ዕጩ አድርጋ ታቀርባለች፤ በመጨረሻም ሠራተኛው ራሱ ቪዛውን ይጠይቃል። አራት ደጅ ነው። መስፈርቱ ላልቷል ማለት ወረቀቱ ቀንሷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከመደበኛው መንገድ አንድ ሁለት ደረጃ ይጨምራል። ለትልቅ ኩባንያ ይህ ቀላል ነው፤ ጠበቃ አለው። አምስት ሠራተኛ ላላት ባለሆቴል ግን ወራት የሚፈጅ ድካም ነው፤ ከጎኗ የሚያግዝ የመንግሥት ባለሙያ ካልተመደበ ላላ የተባለው መስፈርት ለትልልቆቹ ብቻ ይላላል።

ክፍያም አለ። አሠሪው ለአውስትራሊያውያን ሥልጠና ለሚውለው የፌደራል ፈንድ መዋጮ ይከፍላል። በጊዜያዊው ቪዛ ዓመታዊ ገቢው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ድርጅት በዓመት 1,200፣ ከዚያ በላይ የሆነ 1,800 ዶላር ነው፤ ሁሉም በቅድሚያ ይከፈላል። ለአራት ዓመት ቪዛ ባለሆቴሏ 4,800 ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው። ዳማ ይህን አላነሣም። ይህን መዋጮ ወደ ሠራተኛው ማሸጋገር በሕግ የተከለከለ ነው።

የመጀመሪያው የጎደለው፣ ሁለተኛው የሞላው

የ2015ቱ ስምምነት አዲስ ነገር ነበር፤ በመደበኛው ዝርዝር የሌሉ ሙያዎችን ፈቀደ፣ በእንግሊዝኛና በደመወዝ ወለል ላይም መጠነኛ ቅናሽ ሰጠ። አሠሪዎች ደስ አላቸው። ነገር ግን በስምምነቱ ለሚመጣው ሰው ወደ ቋሚ መኖሪያ የሚወስድ መንገድ አልተዘረጋለትም። ሠርተህ፣ ግብር ከፍለህ፣ ልጅህን ትምህርት ቤት አስገብተህ፣ ቪዛው ሲያልቅ ትሄዳለህ ነው።

አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ እንዴት ሊኖር እንደሚችል አስቡት። ቤት አይገዛም፤ ለምን ይገዛል? ሚስቱ ሙያዋን በአገሩ ደረጃ ለማስመዘን ገንዘብና ጊዜ አታወጣም። በመጀመሪያው አጋጣሚ ቋሚ ፈቃድ ወደሚያስገኝለት ሌላ ቪዛ ወይም ሌላ ግዛት ይሄዳል። ባለሆቴሏም አሠልጥና ካበቃች በኋላ ደጁን መልሳ ታንኳኳለች። ሕዝቡ እየሳሳ ያለ ግዛት ሰውን ለተወሰነ ጊዜ ተውሶ መመለሱ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ አሠራር ነበር።

ሁለተኛው ስምምነት በታኅሣሥ 2018 ይፋ ሆነ፤ ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ለአምስት ዓመት እንዲሠራ ነው የተፈረመው። በተመሳሳይ ጊዜ በቪክቶሪያ ግዛት የዋርናምቡል ከተማ አካባቢም የራሱን አገኘ። የሰሜኑ ዝርዝር 117 ሙያዎችን ያዘ፤ የሕፃናት ተንከባካቢው፣ የአረጋውያን ረዳቱ፣ ሹፌሩ ሁሉ ገቡበት። ዋናው ነገር ግን ሠራተኛው በግዛቱ ውስጥ ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ከሠራ በኋላ አሠሪው ለቋሚ መኖሪያ ሊያጨው መቻሉ ነው። የዕድሜው ጣሪያ ከ45 ወደ 55 ከፍ አለ፤ የእንግሊዝኛው መስፈርትም ዝቅ አለ። ያ የ47 ዓመት መካኒክ አሁን ተስፋ አለው።

ሦስት ዓመት በጥበብ የተመረጠ ጊዜ ይመስለኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኛ ያፈራል፣ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ያገኛል፣ ሰው የጎረቤቱን ስም ያውቃል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ሜልቦርን ይሂድ ቢባል እንኳ የሚተወው ነገር አለው። ሕጉ ማንንም በግድ አያስቀርም፤ ሰው እንዲቀር ምክንያት ይሰጠዋል።

ድንበሩ ሲዘጋ

ሁለተኛው ስምምነት አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንደሠራ ኮሮና መጣ። አውስትራሊያ መጋቢት 20 ቀን 2020 ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሁሉ ድንበሯን ዘጋች። ቪዛ የያዙ የሙያ ሠራተኞች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲገቡ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2021 አጋማሽ ነው። ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዳማ ከውጭ ሰው የማምጫ መሣሪያነቱ ተቋረጠ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እዚያው አገር ውስጥ ላሉት፣ ማለትም ትምህርት ለጨረሱ የውጭ ተማሪዎችና ሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ለያዙ ሰዎች፣ መንገዱ ክፍት ነበር። በደቡብ ከተሞች ምግብ ቤቶች ሲዘጉ ሥራ ያጣ ወጥ ሰሪ ወደ ዳርዊን ሄዶ ስፖንሰር የሚሆነው ቢያገኝ ቋሚ ፈቃድ የማግኘት ዕድል ነበረው። የቋሚ ፈቃዱ አንቀጽ ባይኖር 3,000 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለመሄድ የሚነሣሣ ብዙ ሰው ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

በዚያው ወቅት የሃዋርድ ስፕሪንግሱ መንደር ሌላ ታሪክ ተጻፈበት። ለጋዝ ሠራተኞች የተሠራው ካምፕ በየካቲት 2020 ከቻይናዋ ዉሃን የተመለሱ አውስትራሊያውያን ተለይተው የሚቆዩበት ሆነ። በመስከረም 2020 ደግሞ ከቫኑዋቱ 160 ያህል ሠራተኞች ለማንጎ ለቀማ በአውሮፕላን መጡና በዚያው ቆይተው ወደ እርሻዎቹ ሄዱ። እነዚህ የመጡት በዳማ አይደለም፤ ለፓስፊክ ደሴቶች በተዘጋጀ የወቅት ሠራተኞች ፕሮግራም ነው። ማንጎው በዛፉ ላይ ሊበሰብስ ሲል መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መፍትሔ ማበጀት እንደሚችል አሳይቷል። ለቃሚዎቹ ግን ወቅቱ ሲያልፍ ተመላሾች ናቸው፤ የግዛቱ የሕዝብ ቁጥር ጥያቄ በእነርሱ አይመለስም።

የደመወዙ ወለል

በውጭ አገር ሠራተኛ ቪዛ ውስጥ አንድ ዋና መከላከያ አለ፤ አሠሪው ከተወሰነ ዓመታዊ ደመወዝ በታች ለሚከፈልበት ሥራ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። ወለሉ ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በ53,900 ዶላር ቆሞ ነበር። የኑሮ ውድነቱ እየጨመረ ወለሉ ባለበት ሲቆም መከላከያነቱ ሳሳ። በሐምሌ 2023 በአንድ ጊዜ ወደ 70,000፣ በ2024 ወደ 73,150፣ በ2025 ወደ 76,515 ዶላር ከፍ አለ።

ዳማ ለተወሰኑ ሙያዎች በዚህ ወለል ላይ እስከ 10 በመቶ ቅናሽ ይፈቅዳል። በቀድሞው ስሌት ይህ 48,510 ዶላር ነበር፤ ከሐምሌ 2023 በኋላ 63,000 ሆነ። አሁን ወደ ባለሆቴሏ እንመለስ። አውስትራሊያዊ ወጥ ሰሪዋን በዓመት 60,000 ዶላር ትከፍለዋለች እንበል። እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ከውጭ የሚመጣውንም በዚሁ 60,000 መቅጠር ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሥራው የገበያ ደመወዝ ከቅናሹም ወለል በታች ስለወደቀ ማጨቱ አይፈቀድላትም። ወይ ሁሉንም ወጥ ሰሪዎቿን ከፍ አድርጋ ትከፍላለች፣ ወይ ስፖንሰርነቱን ትተዋለች።

አሠሪዎች በዚህ ላይ አጥብቀው አጉረምርመዋል፤ ችግራቸውም እውነተኛ ነው። እኔ ግን በዚህ ነጥብ ላይ ከወለሉ ጋር እቆማለሁ። የዳርዊን የቤት ኪራይ ለማንም አይራራም፤ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ አትክልቱ ሳይቀር ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው። በዚያ ኑሮ ከሌላው ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው የውጭ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱ፣ ቀጥሎም ከጎኑ የሚሠራው የአገሬው ሰው ነው። አውስትራሊያዊና የውጭ ሠራተኛ ለአንድ ዓይነት ሥራ እኩል ይከፈላቸው የሚለው ሕግ በዳማም ሥር አለመነካቱ ተገቢ ነው። ማላላት ከተፈለገ በዕድሜና በፈተና ውጤት ላይ ይሁን፤ ከሰው ደመወዝ ላይ መቀነስ አሠሪውን ለአንድ ዓመት ያሳርፈዋል፣ ሠራተኛው ግን በሁለተኛው ዓመት ይለቅበታል።

ከአሠሪ ጋር መታሰር

ስለ ስፖንሰርነት ሲወራ የእኛ ሰው ቶሎ የሚያስበው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለውን የካፋላ ሥርዓት ነው። ትክክልም ነው፤ ብዙ እህቶቻችን የከፈሉት ዋጋ አለና። የአውስትራሊያው ከዚያ በእጅጉ የተለየ ነው። ፓስፖርት መቀማት ወንጀል ነው፣ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሠራል፣ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ሆኖም አንድ የጋራ ሥር አላቸው፤ የሰውየው የመኖር መብት በአንድ አሠሪ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። በዳማ የመጣ ሰው ለስፖንሰሩ ብቻ፣ በተጠቀሰው ሙያ ብቻ ይሠራል። ለቋሚ ፈቃድ የሚጠበቅበትን ጊዜ ሊደፍን ሁለት ወር የቀረው ሰው ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ቢኖረው እንኳ አፉን ይዘጋል። ለቋሚ ፈቃዱ የሚያጨው ያው አሠሪ ነውና።

ይህ የስምምነቱ ጥላ ነው። ሠራተኛውን የሚያቆየው የቋሚ ፈቃዱ አንቀጽ ክፉ አሠሪ እጅ ሲገባ ሠራተኛውን የሚያስፈራሩበት ይሆናል። አንዱን ያለ ሌላው ማየት ሐቀኝነት አይደለም።

ለዚህ የተገኙት መድኃኒቶች ከዳማ ውጭ በአጠቃላዩ ሕግ ውስጥ የመጡ ናቸው። ቀድሞ ሥራውን የለቀቀ ሰው ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት 60 ቀን ብቻ ነበረው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአንድ ጊዜ 180 ቀን፣ በጠቅላላው 365 ቀን ሆነ፤ በዚያም ጊዜ ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል። በዚሁ ወር የሠራተኛን የቪዛ ሁኔታ ተጠቅሞ በማስፈራራት ማሠራት ራሱን የቻለ ወንጀል ተደረገ። በደል ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ ሰው ጉዳዩን እስኪከታተል የሚቆይበት ጊዜያዊ ቪዛም በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። 60 ቀን ለአሊስ ስፕሪንግስ ሰው ምን ማለት እንደነበር አስቡት፤ በሙያው ሌላ አሠሪ የሚገኘው 1,500 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ በቀጥታ ለወገኖቻችን የምለው አለ። በአውስትራሊያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ በሜልቦርንና በአካባቢዋ ናቸው፤ የሄዱትም በአመዛኙ በስደተኝነትና በቤተሰብ መንገድ ነው። በዳርዊን ካሉ አዲስ መጤዎች ጎልተው የሚታዩት የፊሊፒንስ፣ የኔፓልና የሕንድ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን «የአውስትራሊያ ገጠር የሥራ ቪዛ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ደላሎች በእኛም መካከል አይጠፉም። ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል። ዳማን ሠራተኛው ራሱ ማመልከት አይችልም፤ መጀመሪያ የሚያመለክተው አሠሪው ነው፣ ስለዚህ የታወቀ ቀጣሪ ሳይኖር «ቪዛው ወጥቷል» የሚባል ነገር የለም። ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ስፖንሰር ለመሆን ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መቀበል ሕገ ወጥ ነው፤ የሚሰጠውም ሰው ቪዛውን ሊነጠቅ ይችላል። በአውስትራሊያ ውስጥ በክፍያ የቪዛ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበ ወኪል ብቻ ነው፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ስለሆነ ስሙን ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል።

የባለአገሮቹ ጥያቄ

ከግዛቱ ሕዝብ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የምድሪቱ ጥንታዊ ባለቤቶች፣ አቦርጂናል አውስትራሊያውያን ናቸው። በብዙ ሩቅ መንደሮቻቸው ሥራ አጥነቱ ከባድ ነው። ታዲያ ሠራተኛ ጠፋ እየተባለ ከባሕር ማዶ ሰው የሚመጣው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ዘረኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነው።

መልሱ አንድ አይደለም። ሥራው ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ብዙው ሥራ ፈላጊ ደግሞ ከተማውን ለማየት ቀናት በሚያስኬድ ርቀት ላይ በቋንቋውና በዘመዶቹ መካከል ይኖራል። ከዚያ ንቀል ማለት በዚያች አገር ታሪክ ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። ትምህርት ቤቱና የጤና አገልግሎቱ ለብዙ ትውልድ ተበድሏል። አንድ ባለሆቴል ይህን ሁሉ በማስታወቂያ አታስተካክልም። ዳማ ግን ለችግሩ መሸፈኛ እንዳይሆን የሚደረግ ነገር አለ። አሠሪዎች የሚከፍሉት የሥልጠና መዋጮ ከአሊስ ስፕሪንግስ ሲሰበሰብ ለአሊስ ስፕሪንግስ ልጆች ሙያ ማስተማሪያ ሆኖ እንዲመለስ፣ ስንት ሰው እንደሠለጠነበትም በየዓመቱ እንዲገለጽ መደንገግ ይቻላል። ከውጭ የመጣ መካኒክ ሁሉ አንድ የአገሬው ተለማማጅ ከጎኑ ይመደብለት ቢባል ጋራዡም፣ ልጁም፣ መካኒኩም አይከስሩም።

ሦስተኛው ስምምነት

በኅዳር 2023 የፌደራሉ መንግሥት በመደበኛው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በአሠሪው አማካይነት ለቋሚ ፈቃድ እንዲያመለክት ፈቀደ፤ በአጭር ዝርዝር ውስጥ የነበረው ወጥ ሰሪም ተካተተ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ቪዛው ራሱ ተሻሽሎ 456 ሙያዎች ያሉት አዲስ ዝርዝር ወጣለት። ዳማ ለብቻው ይዞት የነበረው ትልቁ ስጦታ ለብዙ ሙያዎች የሁሉም ሆነ። የሰሜኑ ግዛት ጥቅም አሁን የቀረው በዝርዝሩ ውስጥ በሌሉት ሙያዎች፣ በዕድሜው ጣሪያ፣ በእንግሊዝኛውና በደመወዝ ቅናሹ ላይ ነው።

በዚያው ታኅሣሥ ሦስተኛው ስምምነት ተጀመረ። ዝርዝሩ ከ300 በላይ ሙያዎችን ይዟል፤ ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ነው። ለአሠሪው ሰፊ ደጅ ተከፍቷል። ለሠራተኛው ግን አንድ ነገር ገና አልተጨመረለትም። በግዛቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያገኙ አሠሪዎች ሁሉ ተመርምረው የታወቁ ናቸው። በአንዱ ዘንድ የሚሠራ ወጥ ሰሪ ወደ ሌላው ሲዛወር ከሥር ጀምሮ አዲስ ማጨት ለምን ያስፈልጋል? በዚያው ግዛት፣ በዚያው ሙያ፣ ፈቃድ ወዳለው ሌላ አሠሪ በማሳወቅ ብቻ እንዲዛወር፣ የሠራበትም ጊዜ ለቋሚ ፈቃዱ ሳይቋረጥ እንዲቆጠርለት ቢደረግ ግዛቱ ሠራተኛውን አያጣም፤ የሚያጣው ክፉው አሠሪ ብቻ ነው። ለዚህ አዲስ የፌደራል ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የሚገባ አይመስለኝም፤ ዋናው ስምምነት የሚሻሻልበት መንገድ ስላለ የግዛቱ መንግሥት በሚቀጥለው ድርድር በጽሑፍ ሊጠይቀው ይችላል።